ሰፍዋን ዝም ያለበት ቀን

ሰፍዋንን ያወቅኩት በፈረንጆቹ 2020 ሚያዝያ ላይ፣ የካምፓላ መንገዶች ባዶ በነበሩበት ሰሞን ነው። ታክሲ የለም። ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲም ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። የግል መኪና ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም፤ የሚያልፈው እቃ የጫነ መኪና ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ከበሽታው እንዲያመልጥ ቤቱ ተቆልፎበታል። ከማን ጋር እንደተቆለፈበት የጠየቀ ግን አልነበረም።

ስሜ ሂንድ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ካምፓላ የመጣሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ካባላጋላ ትንሽ ምግብ ቤት ከነበራት አክስቴ ጋር ልሠራ ነው። ሉጋንዳውን ከደንበኞች ለቀምኩት፤ እንግሊዝኛና አረብኛ ድሮም እሞክር ነበር። ከባሎቻቸው ሸሽተው ለሚመጡ ሴቶች የተከፈተ አንድ መጠለያ አስተርጓሚ ሲፈልግ፣ አክስቴ «ሂጂ፣ ሳህን ከማጠብ ይሻልሻል» ብላ ላከችኝ።

መጠለያው የት ሰፈር እንደነበረ ዛሬም አልናገርም። የመጀመሪያው ደንባችን እሱ ነው። ሁለተኛው ደንብ፣ ውስጥ ማን እንዳለች ለማንም አለመናገር ነው። ለእናት ቢሆን፣ ለወንድም ቢሆን፣ ለማንም። አስራ ስምንት አልጋ ነበረን። የቤቱን ኪራይና የዘበኛውን ደሞዝ ዲቪዥን የሚሉት የክፍለ ከተማው ምክር ቤት ይከፍላል፤ በየወሩም ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት ይልክልናል። ኃላፊያችን ናካቶ የምትባል፣ ድሮ ነርስ የነበረች ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። በየዓመቱ ግንቦት ሲደርስ ያንን ባጀት ለማስጸደቅ ከአንዱ ካውንስለር ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለስ ጫማዋ ያልቃል።

ዱቄቱን ያመጣው ሰፍዋን ነበር።

ፋብሪካዎቹ ካሉበት ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ ጭኖ መጥቶ ካንተር የጭነት መኪናውን በሩ ላይ አቆመ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የተቀመጠበት ሰው። ጆንያውን በትከሻው እያወረደ እያለ እኔ አንዲት ሴት ደግፌ ወጣሁ። ጭንቅላቷ ላይ የጠመጠምንላት ፎጣ በደም ርሷል። አምቡላንስ ከጠራን ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር።

«ወንድሜ፣ ሆስፒታል አድርሰን» አልኩት። በአማርኛ ነው ያልኩት። ፊቱን ሳይ ያገሬ ሰው መሰለኝ።

ጆንያውን እንደተሸከመ ቆመ። «እህቴ፣ ሰው ከጫንኩ መኪናው ይታሰራል። መኪናው ደግሞ የኔ አይደለም፤ የወንድሜ ነው።»

«እሷስ?»

ፎጣውን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ጆንያውን አስቀመጠ፣ ያልወረዱትን ወደ ዳርና ዳር ገፍቶ መሀል ላይ ቦታ ሠራልን፣ ስንቀመጥ ሸራ አለበሰን። «ፍተሻ ጋ ስደርስ እንዳትንቀሳቀሱ» አለ።

ሦስት ቦታ አስቆሙት። ሦስተኛው ላይ አንዱ ፖሊስ የመኪናውን ጎን በዱላ ሲመታ ሴትየዋ እጄን አጥብቃ ያዘች። «ዱቄት ነው፣ አፈንዴ» ሲል ሰማሁት። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ሴትየዋን ሊሰፏት ሲያስገቧት ደጅ ቆመን ጠበቅን።

«ስምሽ ማነው?»

«ሂንድ።»

«ሂንድ፣ ሻሽሽ ነጭ ሆኗል።»

«ሻሼ ጥቁር ነው።»

«ነበር» አለ።

ሳቅን። ወዲያው ደግሞ አፈርን፤ ውስጥ ሴት እየተሰፋች ነው። እሱ አንገቱን ደፋ፣ እኔ ሻሼን አራገፍኩ። ያኔ ነው መሰለኝ የተጀመረው።

ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ስናጣ እየደወልኩ በዱቄት፣ በዘይት፣ በሳሙና ካርቶን መሀል ስንት ሴት አሳለፍን። ስንመለስ መንገድ ዳር ከምትጠብስ ሴት አንድ ሮሌክስ ይገዛል። በቻፓቲ የተጠቀለለውን እንቁላል ለሁለት ይቆርጥና ትልቁን ግማሽ ወደኔ ይገፋል፤ ሲገፋ ግን አያየኝም፣ መንገዱን ነው የሚያየው። ብዙ አያወራም። እኔ ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ጩኸት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሳመላልስ ነው የምውለው፤ አጠገቡ መቀመጥ ያሳርፈኝ ነበር። ዝምታውን እርጋታ ብዬ ነው የወደድኩት።

ስለ ወንድሙ ሲያወራ ብቻ አፉ ይፈታል። ከአጋሮ ናቸው። አባታቸው ሲሞት ሰፍዋን ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ታላቁ አብዱልወሀብ ትምህርቱን ትቶ፣ ቡና ተሸክሞ አሳደገው። ካምፓላም ያመጣው እሱ ነው። አሁን ኪሰንዪ ውስጥ የጅምላ ሱቅ አለው፤ ሰው ሲሞት አስተባባሪው፣ የተጣላ ሲኖር አስታራቂው እሱ ነው።

«ጋሼ ባይኖር እኔ የለሁም» ይላል ሰፍዋን። የሚኖረውም ወንድሙ ግቢ ነው። «የኔን ክፍልና የሱን መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው።»

ነሐሴ ላይ ዱቄት ፋብሪካው በር ላይ ተራ እየጠበቅን፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ «ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ አክስትሽ ነዋ። ጋሼ ራሱ ይመጣል። አንቺ… እሺ ካልሽ።»

«እስቲ ድገመው።»

«የቱን?»

«እሺ ካልሽ ያልከውን።»

ደገመው። ጆሮው ቀላ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ ተራችን መድረሱን አላወቅንም።

*

ራሂማ የመጣችው በመስከረም ነው። ጠዋት፣ በቦዳ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጇን ፊቷ አስቀምጣ። ግራ እጇ ከአንጓው በታች ተንጠልጥሏል። አማርኛዬን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። የሐይቅ ልጅ ነበረች፤ ከኮምቦልቻ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ናካቶ እጇን ስታስርላት እኔ ቅጹን እሞላለሁ።

«የባለቤትሽ ስም?»

«አብዱልወሀብ።»

«ሥራው?»

«ኪሰንዪ የጅምላ ሱቅ አለው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ቅጹ የማይጠይቀውን ጠየቅኳት። «ወንድም አለው?»

«አለው። ሰፍዋን ይባላል። ጥሩ ልጅ ነው።» ትንሽ አሰበችና «ግን ዝምተኛ ነው» አለች።

ለሰፍዋን አልነገርኩትም። ደንቡ ለእሱም ደንብ ነው። በሳምንቱ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «የጋሼ ሚስት ጠፋች» አለኝ። ዓይኑ ደም ለብሷል። «ከሰው ጋር ናይሮቢ ሄዳለች ይላል። ልጅቷንም ይዛ። ጋሼ እህል አልቀመሰም። አንቺ ብዙ ሴቶች ታገኛለሽ፤ የሰማሽው ነገር የለም?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። «አልሰማሁም።»

የመጀመሪያው ውሸቴ ነው። ለረጅም ጊዜ እንዳየኝ በጉንጬ ይታወቀኛል።

የዱቄቱ ቀን ግን ደረሰ። ሌላ ጊዜ ጆንያው እስኪወርድ ልጆቹን ወደ ጓሮ እንወስዳቸዋለን፤ ያን ዕለት አንዷ አመለጠች። «አጎቴ! አጎቴ ሰፊ!» እያለች የራሂማ ልጅ ፈርሃና በባዶ እግሯ ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ጆንያው ከትከሻው ወርዶ መሬት ላይ ፈነዳ።

ልጅቷን አቅፎ ጸጉሯን ሳመ። ለናካቶ ሰጣትና ወደኔ መጣ። አጥሩ ስር ቆምን።

«ስንት ቀን ሆናቸው?»

«አስራ ዘጠኝ።»

«አስራ ዘጠኝ ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ!»

«ለማንም አይነገርም፣ ሰፍዋን።»

«ለኔም?»

«ላንተም።» ከዚያ ጉሮሮዬ ላይ የከረመው ጥያቄ ወጣ። «ያ ግድግዳ… ትሰማ ነበር?»

የፈሰሰውን ዱቄት በእግሩ ይሰበስባል።

«ሰፍዋን። ትሰማ ነበር ወይ?»

«ሬዲዮ እከፍት ነበር» አለ።

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ስለ ሽማግሌው ጉዳይም ከዚያ ወዲህ ያነሳ የለም።

ያን ቀን ልቆርጠው ይገባ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ለወንድሙ አልነገረም። በየጁምዓው ለፈርሃና ወተት፣ አንድ ጊዜም ቀይ ጫማ፣ በሩ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ሲሄድ በአጥሩ ቀዳዳ አየዋለሁ። ዞር ብሎ አጥሩን ያየዋል። እኔ እንደማየው ያውቅ ነበር። ወራት እንዲህ አለፉ።

*

በ2021 ምርጫ አዲስ ካውንስለሮች ገቡ። ግንቦት ላይ ናካቶ ከምክር ቤቱ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወንበር ላይ ወደቀች። የመጠለያውን ባጀት ለጠጠር መንገድና ለወረርሽኙ ግብረ ኃይል ሊያዞሩት ነው። «ግማሾቹ የውጭ አገር ሴቶች ናቸው» ይላሉ። ከነጋዴዎችም አቤቱታ ገብቷል። የመጀመሪያው ፊርማ የአብዱልወሀብ ነው። ሚስቱ መጠለያ ውስጥ እንዳለች ከሆነ ሰው ሰምቷል፤ የት እንደሆነ ግን አላወቀም፤ ሰፍዋን ዱቄቱን የት እንደሚያወርድ አልነገረውም።

«ቤቱን ቢያጣው ባጀቱን አገኘው» አለች ናካቶ።

ምክር ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ነዋሪው የሚናገርበት ስብሰባ አለ። ሴቶቹ መታየት አይችሉም። እኔና ናካቶ ብንናገር ደሞዛቸውን ፈልገው ነው ይባላል። «አንድ ወንድ ያስፈልገኛል» አለች። «የዚሁ ዲቪዥን ነዋሪ የሆነ፣ ያየ፣ የጫነ፣ ስለ ደሙ የሚናገር።» ስሙን አልጠራችም። ዓይኔን ብቻ አየች።

ሰፍዋንን ካባላጋላ አንድ ጁስ ቤት አገኘሁት። ከወራት በኋላ ፊት ለፊት ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው። ከስቷል።

«በጋሼ ፊት?»

«የሱን ስም አታንሳ። የጫንካቸውን ብቻ ተናገር። ያን ቀን ያየኸውን ፎጣ።»

ብርጭቆውን በጣቱ ያዞራል።

«ራሂማ የት ትሄዳለች ቤቱ ቢዘጋ? ፈርሃናስ?»

«እመጣለሁ።»

«ትናገራለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እናገራለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

አመንኩት። ጠረጴዛው ላይ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ትንሿን ጣቴን ብቻ ትንሿ ጣቱ ላይ አሳረፍኩ። ያንን ያህል ነው በዚያ ዘመን የነካሁት።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ ጭምብል አድርጓል። ሰፍዋን መጣ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ወንድሙ አጠገብ ተቀመጠ።

አብዱልወሀብ ሲነሳ አዳራሹ ዝም አለ። ግራጫ ኮት፣ ነጭ ኮፍያ፣ የታረመ ጺም። በጥሩ ሉጋንዳ ነው የተናገረው። «እኛ ሚስቶቻችንን እንወዳለን። ቤት ውስጥ ግጭት ቢነሳ ሽማግሌ አለን፣ መስጊድ አለን፣ ቤተ ክርስቲያን አለን። ይህ ቤት ግን ሚስቶቻችንን ይደብቅብናል፤ ልጆቻችንንም። በገዛ ግብራችን ነው ቤታችን የሚፈርሰው?» ድምፁ ተሰበረ፤ የእውነቱን ነበር የሚመስለው። ተጨበጨበለት።

ናካቶ ተናገረች። ማንም አላጨበጨበም።

«ሌላ የሚናገር አለ?» አለ ሰብሳቢው።

የሰፍዋንን ማጅራት አያለሁ። ላብ አለው። ትከሻው ሲነሳ አየሁ፤ እጁም ከጉልበቱ ተነሳ። አብዱልወሀብ ወደሱ እንኳ ሳይዞር መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳረፈበት፤ ልጅ እንደሚያረጋጉ ቀስ ብሎ። የተነሳው የሰፍዋን እጅ ጭምብሉን አስተካከለና ተመለሰ።

«የለም?» አለ ሰብሳቢው። «እንግዲያውስ ወደ ውሳኔው እንሂድ።»

አብዛኛው እጅ ለጠጠር መንገዱ ወጣ።

ስወጣ ካንተሩ ጎን ቆሞ ይጠብቀኛል። «ሂንድ» አለ። ከንፈሩ ደርቋል። «ሂንድ፣ እጄ…»

«ሂድ፣ ሬዲዮህን ክፈት» አልኩትና አለፍኩ።

*

የምክር ቤቱ ገንዘብ የሚቆመው በሰኔ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት፣ በሰኔ አጋማሽ፣ ከተማው ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ። ናካቶ አንዳንዶቹን ገዳም አስጠጋች፤ አንዳንዶቹን በእቃ መኪና ወደየገጠራቸው ላከች። የቸገሩን ኡጋንዳ ውስጥ የሚሄዱበት ገጠር የሌላቸው ናቸው። የራሂማ ፓስፖርት ባሏ እጅ ነው። አውቶቡስ የለም። ለአክስቴ «እኛ ጋ ትምጣ» አልኳት። «መጀመሪያ የሚፈልጋት እዚህ ነው፤ ሱቃችንንም ያዘጋብናል» አለች። እውነቷን ነበር። ደግሜ አልለመንኳትም።

ያኔ ሀጂ ጀይሉ የሚባሉ ሽማግሌ የአብዱልወሀብን መልእክት ይዘው ለናካቶ ደወሉ። ተጸጽቷል፣ በቁርኣን ይምላል፣ ፈርሞ ይሰጣል። የተገናኘነው ከመጠለያው ራቅ ባለ የአካባቢው ሊቀመንበር ቢሮ ነው። አብዱልወሀብ አለቀሰ። ማለ። ፈረመ። ከምክር ቤቱ የመጣው ሠራተኛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ አውጥቶ «በፈቃዷ ነው የምትመለሰው ወይ? ጠይቂያት» አለኝ።

ጠየቅኳት። ራሂማ ባሏን አላየችም፤ እኔን አየችኝ።

«ሌላ የት ልሂድ?» አለች።

ሠራተኛው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል።

«አዎ ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ምክንያት ደርድሬያለሁ። ደክሞኝ ነበር። የቤቱ ባለቤት ቁልፉን ይጠብቃል። ሽማግሌው አሉ፤ መሐላው አለ። አንዱም ምክንያት አይበቃም። ሠራተኛው ጻፈ፣ እሷ በቀኝ እጇ ፈረመች፣ ፈርሃና ቀይ ጫማዋን አድርጋ አባቷን ተከትላ ሄደች።

ራሂማ በነሐሴ ሞተች።

ከደረጃ ወድቃ ነው ተባለ። አክስቴ ስትነግረኝ ለናካቶ ደውዬ፣ ሻሼን ሳላስር ነው የሮጥኩት። የአብዱልወሀብ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ገላዋን ያጠቡት ሴቶች ከክፍሉ ሲወጡ አንዷም የሌላዋን ዓይን አላየችም። ሰውም እነሱን አልጠየቀም። ወንዶቹ ቃሬዛውን አንስተው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ ወደ በሩ ሲያመሩ ሰልፉ ድንገት ቆመ።

ሰፍዋን በሩን ዘግቶ ቆሟል።

«ልጄ፣ ጀናዛ አይቆምም» አሉ ሀጂ ጀይሉ።

«ይቁም፣ ሀጂ። ሐኪም ይያት።»

«ሰፍዋን፣ ዞር በል» አለ አብዱልወሀብ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ጉልበቱ ላይ መዳፉን ያሳረፈበት ዕለት የነበረውን ፊት ነው የያዘው።

ሰፍዋን ጀርባውን በሩ ላይ አጥብቆ ሲደገፍ ከሴቶቹ መሀል ሆኜ አየሁ። «አልወደቀችም» አለ። «ስድስት ዓመት በግድግዳ በኩል ሰምቻለሁ። ስትመታ ሰምቻለሁ። ስትለምን ሰምቻለሁ። ስሜን ጠርታኛለች። ትናንት ከጂንጃ ስመለስ ደረጃው ስር ተኝታለች፤ ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። "ወድቃ ነው በል" አለኝ። አልልም። ከዛሬ ጀምሮ አልልም።»

አብዱልወሀብ በጥፊ መታው፤ ደገመው። የሰፍዋን ከንፈር ተሰንጥቆ ደሙ ነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ወንድሙን አልነካውም፤ ከበሩም አልተነሳም። ናካቶ የጠራቻቸው ፖሊሶች ሲደርሱ ያንኑ በር ተደግፎ አገኙት።

ሐኪሙ ያገኘውን አልጽፈውም። አብዱልወሀብን ወሰዱት።

*

ከዚያ በኋላ ሰፍዋን ቤት አልነበረውም። መኪናው የወንድሙ ነው። ነጋዴዎቹ ሲያዩት መንገድ ይለውጣሉ፤ ወንድሙን የሸጠ ይሉታል። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ፈርሃናን እኔና አክስቴ ወሰድናት። ወደ ራሂማ እናት ለመላክ አስበን ነበር፤ ግን ጦርነቱ ወሎ ደርሶ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ተይዘው ስልክ ጠፋ። እኔም የራሴን እናት ድምፅ ሳልሰማ ወራት ከረምኩ። የራሂማ እናት የልጃቸውን መርዶ የሰሙት መስመሩ ሲከፈት ነው። ረጅም ጊዜ አለቀሱና «ልጅቷ እዚያው ትቆይ» አሉኝ። «እዚህ ትምህርት ቤቱም ተዘርፏል።»

በጥር 2022 የካምፓላ ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግተው ከቆዩ በኋላ ተከፈቱ። ሰፍዋን በየጠዋቱ ከሥራ በፊት መጥቶ ፈርሃናን በእጇ ይዞ ያደርሳታል። በሩን እኔ ነኝ የምከፍትለት። ሰላም እንባባላለን። ከዚያ በላይ አልሰጠውም ነበር። እሱ ግን በየቀኑ አንድ ነገር ይናገራል። «ዛሬ ወገቤን አሞኛል።» «ትናንት ጋሼን በሕልሜ አየሁት፤ አዝሎኝ ነበር።» «ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።» መልስ ሳይጠብቅ ልጅቷን ይዞ ይሄዳል።

ፍርድ ቤት ሁለታችንም መሰከርን። የኔ ተራ ሲደርስ ዐቃቤ ሕጉ ስለ ቅጹ ጠየቀኝ። «ሟች በፈቃዷ መመለሷን ተርጉመሻል?»

«አላለችም» አልኩ።

«ምን አለች?»

«"ሌላ የት ልሂድ" ነው ያለችው። አዎ ትላለች ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።»

ሰፍዋን ከመቀመጫው ቀና ብሎ ሲያየኝ አየሁት። ይህንን ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተን መጥላት ስለቀለለኝ።»

ምንም አላጽናናኝም፤ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አላለኝም። እንዲያ ቢለኝ ተነስቼ እሄድ ነበር። «እኔም ያን ቀን ብናገር ቅጹ አይኖርም ነበር» አለ። «አንቺም ባትተረጉሚው አይኖርም ነበር።»

«አዎ።»

«ሁለታችንም ነን እንግዲህ።»

«ሁለታችንም።»

ጭንቅላቴን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። የጆንያ ሽታ ነበረው። ሰው ያየናል ብዬ አላሰብኩም።

አብዱልወሀብ ረጅም ዓመት ተፈረደበት። ሰፍዋን ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አሳድጎኛል፣ ሂንድ።» «አውቃለሁ» አልኩት።

ግንቦት ላይ ምክር ቤቱ እንደገና ለባጀት ተሰበሰበ። ሰፍዋን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ እጁን አወጣ። ሉጋንዳው የተሰባበረ ነው። ስለጫናቸው ሴቶች ተናገረ፤ ከዚያ ስለ ራሂማ። «ባለፈው ዓመት እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። ዝም አልኩ። እናንተ እጃችሁን አወጣችሁ። በሦስት ወሯ ቀበርናት» አለና ተቀመጠ። የጨበጨበ የለም። ለመጠለያው ስምንት አልጋ ተፈቀደ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ። ናካቶ «ከዜሮ ይሻላል» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ከአስራ ስምንቱ አልጋ የቀሩት አስሩ ሴቶች የት እንደሚሄዱ እያሰበች ነበር።

አዲሱን የመጠለያ ቤት ቀለም ስንቀባ ሰፍዋን ሊረዳን መጣ። ሲጨርስ ብሩሹን አጥቦ ፊቴ ቆመ።

«የሚልክልኝ ሽማግሌ የለኝም» አለ። «ራሴ ነው የመጣሁት። ሂንድ፣ አግቢኝ።»

ዓይኑ ከዓይኔ አልሸሸም። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት እሱው ቀጠለ።

«እፈራለሁ ግን።»

«ምን?»

«እሱን መምሰል። ጋሼ ክፉ ሆኖ አልተወለደም። እኔን ለማሳደግ ቡና ይሸከም የነበረ ሰው ነው። ከየት እንደመጣበት አላውቅም። ደሜ ውስጥ ቢኖርስ?»

«አይኖርም» ብለው ደስ ባለው ነበር። አላልኩትም። መጠለያው ውስጥ ስንት ሴት «እሱ እንዲህ አልነበረም» ስትል ተርጉሜያለሁ።

«የፈራህ ቀን ትነግረኛለህ» አልኩት። «እኔም እነግርሃለሁ። እጅህ አንድ ጊዜ ከተነሳ ግን ፈርሃናን ይዤ እወጣለሁ፤ ሽማግሌ ቢመጣ አልመለስም።»

«እሺ።»

«እንዲህ በቀላሉ?»

«በቀላሉ አይደለም» አለ ሰፍዋን። እጁ ላይ የቀረውን ቀለም እያየ ነበር። «ግን እሺ።»

ኒካሕ ያሰርነው በዚያው ዓመት መስከረም፣ በአክስቴ ምግብ ቤት ጓዳ ነው። ከነጋዴዎቹ አንድም አልመጣም። ሀጂ ጀይሉ ብቻ ዘግይተው መጡ፤ በር ላይ ቆመው «ይቅር በሉኝ» አሉ፤ ሳይቀመጡ ሄዱ። ናካቶ ማቶኬ የሚሉትን ጥሬ ሙዝ ቀቅላ አመጣች። ፈርሃና ከመሀላችን ተቀምጣ በላች።

ሰፍዋን አሁንም የሚፈራበት ቀን አለ። ከሥራ ሲገባ ከፊቱ አውቀዋለሁ። እጁን ታጥቦ ይመጣና አጠገቤ ይቀመጣል። «ዛሬ ፈራሁ» ይለኛል። የያዝኩትን አስቀምጬ እሰማዋለሁ።